ተንታኝ የሌለበት አዳራሽ፦ ታላቅ የፊገር ስኬቲንግ ውድድር በአካል ለማየት ለሚሄድ ሰው

የፊገር ስኬቲንግ ውድድርን፣ ማለትም ባለስለት ጫማ ተጫምተው በሙዚቃ በረዶ ላይ እየተንሸራተቱ የሚዘሉበትን ስፖርት፣ ቤቱ ተቀምጦ የሚከታተል ሰው ብዙ ረዳት አለው። ተንታኙ የዝላዩን ስም ይነግረዋል፤ ስህተት የተሠራበት ቅጽበት በዝግታ ተመልሶ ይታይለታል፤ በስክሪኑ ጥግም ነጥቡ ሲጨምርና ሲቀንስ ያያል። ትኬት ገዝቶ አዳራሽ የገባ ሰው ግን ከእነዚህ አብዛኛውን አያገኝም። ስም ይጠራል፣ ሙዚቃ ይከፈታል፣ አንድ ሰው ለአራት ደቂቃ ያህል በረዶው ላይ ይከንፋል፣ ከዚያ ቁጥር ይነበባል። ጎኑ ያለው ተመልካች ብድግ ብሎ ሲያጨበጭብ ወይም በሐዘን ሲያቃስት ምክንያቱ የማይገባው እንግዳ፣ ያን ያህል ገንዘብ አውጥቶ የሄደበትን ነገር ግማሹን ብቻ አይቶ ይመለሳል። በእኔ እምነት ለእንዲህ ዓይነቱ ውድድር አስቀድሞ መዘጋጀት ያለበት ዓይን ነው፤ የወንበር ምርጫ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ይህን የምጽፈው ከድሬዳዋ ነው። ከዚህ ከተማም ሆነ ከሐረር ልጆቻቸውን ወይም እህት ወንድሞቻቸውን ለመጠየቅ ወደ ካናዳ፣ ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ የሚሄዱ ብዙ ሰዎች አሉ፤ ጉዟቸው በመጋቢት ላይ ከዋለም የዓለም ሻምፒዮናው ባሉበት አገር ሊገጥማቸው ይችላል። እኔም በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ሞንትሪያል እህቴ ዘንድ ሰንብቼ ሻምፒዮናውን በዓይኔ ለማየት በቅቻለሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

ስፖርቱን የሚመራው በ1892 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የስኬቲንግ ኅብረት ሲሆን፣ የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና በ1896 በሴንት ፒተርስበርግ ተካሂዷል። የውድድር ዘመኑ በበልጋቸው፣ በጥቅምት ገደማ፣ በስድስት አገሮች እየተዘዋወሩ በሚካሄዱት የግራንድ ፕሪ ውድድሮች ይጀምራል፤ በታኅሣሥ ከእነዚያ ውስጥ የተመረጡት ለፍጻሜው ይገናኛሉ፤ በጥርና በየካቲት የአውሮፓ ሻምፒዮናና የአራቱ አህጉራት ሻምፒዮና ይከተላሉ፤ በመጋቢት የዓለም ሻምፒዮናው ዘመኑን ይዘጋል። የአራቱ አህጉራት የተባለው ውድድር በ1999 የተጀመረ ሲሆን፣ ከአራቱ አንዷ አፍሪካ ናት። ይህ ለእኛ ትንሽ ነገር አይመስለኝም። ሮቤል ተክለማርያም በ2006 ቱሪን ላይ፣ በ2010 ደግሞ ቫንኩቨር ላይ በበረዶ ሸርተቴ ሩጫ የኢትዮጵያን ባንዲራ ይዞ በክረምት ኦሊምፒክ እንደተገኘ ለሚያስታውስ ሰው፣ በፊገር ስኬቲንግም ለአፍሪካ ልጆች የተከፈተ በር መኖሩን ማወቅ ደስ ያሰኛል።

በታላላቆቹ ውድድሮች አራት ዘርፎች አሉ፤ የወንዶች፣ የሴቶች፣ የጥንዶችና የበረዶ ላይ ዳንስ። በእያንዳንዱ ዘርፍ ተወዳዳሪው በተለያየ ቀን ሁለት ጊዜ ይቀርባል። በነጠላ ዘርፎች የመጀመሪያው አጭር ፕሮግራም ይባላል፤ 2 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ገደማ ይወስዳል። ሁለተኛው ነጻ ፕሮግራም 4 ደቂቃ ገደማ ነው። በዓለም ሻምፒዮና ከአጭሩ ወደ ነጻው የሚያልፉት 24 ተወዳዳሪዎች ሲሆኑ፣ የሁለቱ ቀን ነጥብ ተደምሮ አሸናፊው ይለያል። በነጻው ፕሮግራም ተወዳዳሪዎቹ በስድስት በስድስት ተከፍለው ይወጣሉ፤ በአጭሩ ዝቅተኛ ነጥብ ያገኙት ቀድመው፣ መሪዎቹ ደግሞ በመጨረሻው ቡድን ይቀርባሉ። እያንዳንዱ ቡድን ከመጀመሩ በፊት ስድስቱም አንድ ላይ ገብተው ለ6 ደቂቃ ሰውነታቸውን ያሟሙቃሉ። ይህ ስድስት ደቂቃ ብዙ ሰው ምግብ ለመግዛት የሚወጣበት ነው፤ እኔ ግን ከወንበር መነሣት የማይገባው ያን ጊዜ ነው እላለሁ። ስድስት ሰዎች በሩጫ ፍጥነት እየተሸሹ፣ እየተጠባበቁ፣ እያንዳንዱ የሚፈራውን ዝላይ ደጋግሞ ሲሞክር የሚታየው ያኔ ነው። ሦስት ጊዜ ሞክሮ ሦስቱንም የሳተው ተወዳዳሪ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ብቻውን ሲወጣ፣ ተመልካቹ የትኛውን ሰከንድ መጠበቅ እንዳለበት አስቀድሞ ያውቃል።

የመጀመሪያዎቹን ቡድኖች ችላ ማለትም ያስጠይቃል፤ ይህን የምናገረው ደርሶብኝ ነው። የወንዶቹ ነጻ ፕሮግራም በተካሄደበት ቅዳሜ ማታ፣ ታላላቆቹ የሚወጡት በመጨረሻ ነው ብዬ ዘግይቼ ሄድኩ። እህቴ ቀድማ ገብታ ነበር። ወንበሬ ላይ ገና ሳልደላደል «አንተ፣ አመለጠህ እኮ!» አለችኝ። ያመለጠኝ የፈረንሳዩ አዳም ሲያዎ ሂም ፋ ነበር። በአጭሩ ፕሮግራም ተበላሽቶበት 19ኛ ስለወጣ በነጻው ከመጀመሪያው ቡድን ጋር ተሰለፈ፤ በዚያ ምሽት ያስመዘገበው ነጥብ ግን እጅግ ከፍተኛ ስለነበር፣ የመጨረሻው ቡድን እስኪገባ ድረስ በድምር የበለጠው አንድም ሰው አልነበረም። ከ19ኛ ተነሥቶ የነሐስ ሜዳሊያ ወሰደ። የዚያኑ ምሽት አጭሩን ፕሮግራም ሲመራ የነበረው ጃፓናዊው ሾማ ኡኖ አራተኛ ሆኖ ጨረሰ፤ ሦስተኛ የነበረው አሜሪካዊው ኢልያ ማሊኒን በነጻው ብቻ 227.79 ነጥብ አግኝቶ ሻምፒዮን ሆነ። አንድ የነጻ ፕሮግራም ምሽት፣ በረዶውን የሚያድሰው ማሽን ሲገባ ከሚሰጠው እረፍት ጋር፣ 4 ሰዓት ያህል ሊፈጅ ይችላል፤ ቢሆንም ከመጀመሪያው ስም ጀምሮ መቀመጥ ይሻላል።

ትኬቱ በሁለት መልክ ይሸጣል። አንዱ የሳምንቱን ሁሉ ዝግጅት የሚያካትተው ሙሉ ትኬት ሲሆን ብዙውን ጊዜ ቀድሞ ለሽያጭ ይቀርባል፤ ሌላው ለአንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ የሚያገለግለው ነው። አቅም ካልፈቀደ ሰዎች የሚመርጡት የመጨረሻውን ቀን ፍጻሜ ነው፤ የእኔ ምክር ግን ከዚህ ይለያል። አንድ አጭር ፕሮግራምና የዚያኑ ዘርፍ ነጻ ፕሮግራም አጣምሮ መግዛት፣ የሁለት የተለያዩ ዘርፎችን ፍጻሜ ከመግዛት ይበልጣል፤ በአጭሩ ያልታየ ሰው በነጻው ምን እንደተመለሰለት አይታወቅምና። ለተመልካች ክፍት የሆነ የልምምድ ሰዓት ካለም እንዳያመልጥ። በልምምድ ላይ የእያንዳንዱ ሙዚቃ በተራ ይከፈታል፤ አሰልጣኙ ከአጥሩ ጋር ተደግፎ ሲመክር፣ ተወዳዳሪው ወድቆ በረዶውን ከሱሪው ላይ እያራገፈ ሲነሣ በቅርብ ይታያል።

ስለ ወንበር ጥቂት ልበል። ታላላቅ ውድድሮች የሚካሄዱበት ሜዳ 60 ሜትር በ30 ሜትር ገደማ ነው። ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ሰው ፍጥነቱንና ድምፁን ያገኛል፤ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ደግሞ ተወዳዳሪው ሜዳውን ምን ያህል እንደሸፈነ፣ እግሩ በረዶው ላይ ምን ዓይነት ቅስት እንደሳለ ያያል። ዳኞቹ በአንዱ ረጅም ጎን ይደረደራሉ፤ አብዛኛው ፕሮግራም ወደነሱ ፊቱን አዙሮ ስለሚቀናበር ከእነሱ በስተኋላ ያለው ወገን የተወዳዳሪውን ፊት በደንብ ያያል። እኔ ብመርጥ ከመካከል ከፍ ያለውን እመርጣለሁ፤ ለልምምዱ ግን ከአጥሩ አጠገብ እቀመጣለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ዝላዮቹ እንምጣ። የጫማው ስለት ከሩቅ አንድ ቀጭን ብረት ይምሰል እንጂ ከሥሩ መሃሉ ጎድጎድ ያለ ስለሆነ ሁለት ጠርዝ አለው፤ አንዱ ወደ ውስጠኛው፣ ሌላው ወደ ውጨኛው የእግር ጎን ነው። ከፊት ጫፉ ላይ ደግሞ እንደ መጋዝ የተደረደሩ ጥርሶች አሉት። ዝላዮቹ ስድስት ሲሆኑ፣ ሦስቱ በጠርዝ ብቻ፣ ሦስቱ ደግሞ የሌላውን እግር ጥርስ በረዶው ላይ በመውጋት ይነሣሉ። ለጀማሪ ቀላሉ መለያ አክሰል ነው። ስሙን ያገኘው በ1882 ከዘለለው ከኖርዌዩ አክሰል ፖልሰን ሲሆን፣ ተወዳዳሪው ፊቱን ወደሚሄድበት አዙሮ የሚነሣበት ብቸኛው ዝላይ ነው። ሁሉም ዝላይ የሚያርፈው ጀርባን ወደ መሄጃ አዙሮ ስለሆነ፣ ባለሦስት ዙር የሚባለው አክሰል በእውነቱ ሦስት ዙር ተኩል ነው። ባለአራት ዙሩን፣ ማለትም አራት ተኩሉን፣ በውድድር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራው ማሊኒን ነው፤ በመስከረም 2022፣ ሌክ ፕላሲድ በተባለችው የአሜሪካ ከተማ።

ሁለተኛው መታወቅ ያለበት ሉትዝ ነው። ተወዳዳሪው ወደ ኋላ እየሄደ በውጨኛው ጠርዝ ላይ ረጅም ቅስት ይዞ ወደ ሜዳው ጥግ ይሄዳል፤ በመጨረሻ በሌላው እግር ጥርስ በረዶውን ወግቶ ይነሣና ከቅስቱ ተቃራኒ ወደሆነው አቅጣጫ ይዞራል። ወደ ግራ በሚታጠፍ ባጃጅ ውስጥ ሆኖ ሰውነትን በሙሉ ወደ ቀኝ ለማሽከርከር እንደመሞከር ነው፤ ክብደቱ እዚያ ላይ ነው። ፍሊፕ የሚባለው ደግሞ በጣም የሚመስለው ሲሆን ከውስጠኛው ጠርዝ ይነሣል። ስለዚህ ሉትዝ ሊዘል የተነሣ ሰው በመጨረሻዋ ቅጽበት ቁርጭምጭሚቱ ወደ ውስጥ ከተዘነበለ ነጥብ ያጣል። ያችን ቅጽበት በዓይን ለመያዝ ልምምድ ይጠይቃል፤ የያዛት ቀን ግን ተመልካቹ ከሌሎች ጋር አብሮ ማቃሰት ይጀምራል። የቀሩት ሦስቱ ሳልኮ፣ ሉፕና ቶ ሉፕ ናቸው፤ ሁለቱ ሉፖች ከሌላ ዝላይ ማረፊያ ላይ ተቀጥለው መምጣት ስለሚችሉ ጥምር ዝላይ በታየ ቁጥር መጀመሪያ እነሱን መጠርጠር ነው።

ቴሌቪዥን የማያሳየው አንድ ነገር ድምፁ ነው። በልምምዱ ቀን ከአጥሩ አጠገብ ተቀምጬ ዓይኔን ለጥቂት ጊዜ ጨፍኜ ነበር። በንጹሕ ያረፈ ዝላይ አጭር «ጭር» ብሎ፣ ከዚያ ሰም የተቀባ ወረቀት ላይ ጣት እንደሚንሸራተት ረዘም ባለ ሹክሹክታ ይቀጥላል። ዙሩ ያልሞላለት ዝላይ ደግሞ በረዶውን ይፍቃል፤ ድምፁ ሻካራና የተቆራረጠ ነው፤ ተወዳዳሪው ሳይወድቅ ቢቀር እንኳ አንድ ነገር እንደጎደለ ጆሮ ይናገራል። ጠቃሚነቱም እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ዙሩ ከሩብ በላይ ከጎደለ ዝላዩ የመነሻ ዋጋው ይቀነስበታል፤ ግማሽና ከዚያ በላይ ከጎደለ ደግሞ አንድ ዙር ዝቅ ብሎ ይቆጠራል። በጭብጨባ የተሸኘ ተወዳዳሪ ነጥቡ ሲነበብ አንገቱን የሚደፋው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ነጥቡ እንዴት እንደሚሰላ የማያውቅ ሰው ውጤቱን ሁሉ በአድልዎ ይተረጉመዋል፤ ስለዚህ ሒሳቡን በግልጽ ማየት ይገባል። ቀድሞ ዳኞች ከ6.0 ይሰጡ ነበር፤ በ2002 የሶልት ሌክ ሲቲ ኦሊምፒክ በጥንዶች ዘርፍ የዳኝነት ቅሌት ከተነሣ በኋላ ያ አሠራር ቀርቶ የአሁኑ መጣ። አሁን እያንዳንዱ ዝላይ የመነሻ ዋጋ አለው፤ ባለሦስት ዙር ሉትዝ 5.9፣ ባለሦስት ዙር አክሰል 8.0፣ ባለአራት ዙር ሉትዝ 11.5። የቴክኒክ ቡድኑ ምን እንደተሠራና ዙሩ መሙላቱን ይወስናል፤ ዘጠኝ ዳኞች ደግሞ ጥራቱን ከ5 ሲቀነስ እስከ 5 ሲደመር ባለው መለኪያ ይመዝናሉ። ከዘጠኙ ከፍተኛውና ዝቅተኛው ይጣሉና የቀሩት ሰባቱ በአማካይ ይወሰዳሉ። እያንዳንዱ የጥራት ደረጃ የመነሻውን ዋጋ 10 ከመቶ ያህላል። እንግዲህ ባለአራት ዙር ሉትዝ ሞክሮ የወደቀ ሰው ዙሩን ቢሞላ እንኳ ከ11.5 ላይ 5.75 ይቀነስበታል፤ ለውድቀቱ ሌላ 1 ነጥብ ይነሣል፤ የሚቀረው 4.75 ነው። በአንጻሩ ባለሦስት ዙሩን በ3 የጥራት ደረጃ ያሳረፈ ሰው 7.67 ያገኛል። ድፍረት ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፤ ማሊኒንን ሻምፒዮን ያደረገው ድፍረቱ ነው፤ ዋጋው ግን አስቀድሞ በግልጽ የተቀመጠ ነው። በነጻ ፕሮግራም የመጨረሻዎቹ ሦስት ዝላዮች፣ በአጭሩ ደግሞ የመጨረሻው አንዱ፣ ሰውነት ከደከመ በኋላ የሚሠሩ ስለሆኑ 10 ከመቶ ይጨመርላቸዋል።

ከዝላዩ ውጭ የፕሮግራሙ ቅንብር፣ አቀራረቡና የመንሸራተት ችሎታው ከ10 እየተመዘኑ ይደመራሉ። ይህ ክፍል ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ጃፓናዊቷን ካኦሪ ሳካሞቶን በአካል ሳያት ነው። ሞንትሪያል ላይ በአጭሩ አራተኛ ነበረች፤ በነጻው ግን አሸንፋ ከ1966 እስከ 1968 ካሸነፈችው ከፔጊ ፍሌሚንግ ወዲህ ሦስት ተከታታይ የዓለም ሻምፒዮናዎችን የወሰደች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች፤ ይህንንም ያደረገችው ባለሦስት ዙር አክሰልም ሆነ ባለአራት ዙር ዝላይ ሳይኖራት ነው። በቴሌቪዥን ካሜራው አብሯት ስለሚሮጥ ፍጥነቷ አይታወቅም። አዳራሹ ውስጥ ሲታይ ግን ከሜዳው አንድ ጫፍ ሁለት ሦስት ጊዜ ገፋ አድርጋ ሌላው ጫፍ ትደርሳለች፤ ዝላዩ መንገድ ላይ እንዳለ እርምጃ ይሆናል እንጂ ለእሱ ብላ አትዘገይም።

ስለ በረዶው ራሱ አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልፈልግም። እኛ በድሬ ሙቀት በሃይላንድ ውኃ አቀዝቅዘን የምንይዘው በረዶ መሃሉ ነጭና ደመናማ ነው፤ ውኃው በአንድ ጊዜ ሲረጋ በውስጡ ያለው አየር መውጫ አጥቶ እዚያው ስለሚታሰር ነው። የውድድር በረዶ ግን ቀዝቃዛ ፈሳሽ በሚያልፍባቸው ቧንቧዎች ላይ በስሱ በስሱ እየተነጠፈ የሚሠራ፣ ውፍረቱ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ የሆነ ንጣፍ ነው። ለፊገር ስኬቲንግ ከሆኪው ሞቅ ይደረጋል፤ ከዜሮ በታች 3 ወይም 4 ዲግሪ ገደማ ይሆናል፤ እንዲህ ሲሆን ጠርዙ በደንብ ይነክሳል፣ ማረፊያውም አይሰባበርም። በቡድኖች መካከል የሚገባው ማሽን የላይኛውን የተቧጠጠ ክፍል ልጦ ሙቅ ውኃ ያፈስበታል። ሙቅ መሆኑ እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ ሙቅ ውኃ የታሰረ አየር ስለሚያንሰውና የታችኛውን ንጣፍ ትንሽ አቅልጦ ስለሚዋሐድ፣ ሲረጋ ለስላሳና ጠንካራ ይሆናል። ተመልካቹም ይህ ሁሉ ቅዝቃዜ አጠገቡ መሆኑን አስቦ ወፍራም ካልሲና ለወንበር የሚሆን ትንሽ ፎጣ ይያዝ። ከከዚራ ጥላ ሥር ለመጣ ሰው ጋቢም አይበዛበትም።

ሥርዓቱ ከባድ አይደለም። ስም ከተጠራ በኋላ ተወዳዳሪው ቦታውን ለመያዝ 30 ሰከንድ ብቻ አለው፤ ያኔ ጭብጨባው ይቆማል፣ ማንም ከወንበሩ አይነሣም፣ የካሜራ ብልጭታ አይበራም። ከውጭ የመጣ ሰውም ፕሮግራሙ እስኪያልቅ በር ላይ እንዲጠብቅ ይደረጋል። አሻንጉሊትና አበባ መወርወር የቆየ ልማድ ነው፤ ጃፓናዊው ዩዙሩ ሃንዩ በ2014ና በ2018 ኦሊምፒክ ወርቅ ባገኘባቸው ዓመታት በረዶው በአሻንጉሊት ድብ ይሸፈን ነበር። ይሁን እንጂ ደንቡ ከአዳራሽ አዳራሽ ስለሚለያይ አስቀድሞ ማንበብ ያስፈልጋል፤ የተፈቀደ ከሆነም አንድ ቅጠል እንኳ በረዶው ላይ እንዳይቀር አበባው በፕላስቲክ መጠቅለል አለበት፤ ስለት ሥር የገባ ቅጠል ሰው ይጥላልና።

ለአውሮፓ የሸንገን ቪዛ ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር ቀድሞ ጀምሮ ይቀበላል፤ ቢያንስ 15 ቀን ሲቀረው መግባት አለበት፤ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስም ይጠይቃል። አሻራ ለመስጠት አዲስ አበባ መውጣት ስለሚያስፈልግ ከድሬ ለሚነሣ ሰው የዚያም ወጪ ይታሰብ። ለመሄድ ያልቻለም ቢሆን ዓይኑን ማሠልጠን ይችላል፤ ከነሐሴ ጀምሮ የሚካሄዱት የታዳጊዎች ግራንድ ፕሪ ውድድሮች በኅብረቱ የዩቲዩብ ገጽ በነጻ ሲተላለፉ ኖረዋል። የሰዓቱን ልዩነት ግን በጥንቃቄ ማስላት ይገባል፤ በሞንትሪያል ከምሽቱ 12 ሰዓት የሆነው በእኛ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው፤ አውሮፓውያን ደግሞ በመጋቢት የመጨረሻ እሑድ ሰዓታቸውን ስለሚያሻሽሉ በሻምፒዮናው መሃል ልዩነቱ ሊቀየር ይችላል።

ውድድሩ ሲያልቅ ብዙ ሰው ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ እኔ ግን አንድ ነገር እንዲጨምር እመክራለሁ። እያንዳንዱ ዳኛ ለእያንዳንዱ ዝላይ የሰጠው ነጥብ የተዘረዘረበት ሠንጠረዥ በይፋዊው የውጤት ገጽ ላይ ይወጣል። በመጀመሪያው ዓምድ የዝላዩ ምልክት፣ ቀጥሎ የመነሻ ዋጋው፣ ከዚያ የዘጠኙ ዳኞች ምዘና፣ በመጨረሻ ድምሩ ይገኛል፤ ከሥር ደግሞ ቅነሳዎቹ ተጽፈዋል። ያን ማታ በሜትሮ ስንመለስ እኔና እህቴ በስልኳ ላይ ያመለጠኝን የሲያዎ ሂም ፋን ሠንጠረዥ ከፈትን። እሱ በነጻ ፕሮግራሙ ወደ ኋላ ተገልብጦ ዘልሎ ነበር። ያ ዝላይ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የተከለከለ ነው፤ ፈረንሳዊቷ ሱሪያ ቦናሊ በ1998 ናጋኖ ላይ በአንድ እግር ያረፈችበትም ይኸው ዝላይ ነው። እገዳው የተነሣው ከሞንትሪያሉ ውድድር በኋላ፣ በዚያው በ2024 ነው። እህቴ በጣቷ ወደ ታችኛው መስመር አመለከተችኝ፤ በዓይኔ ያላየሁት ግልብጥ ዝላይ እዚያ ላይ 2 ነጥብ ተቀንሶበት ተጽፎ ነበር።